ሥጋው፣ ቀኑና ጎረቤቱ፦ ክርስትና በይፋት ቆላ

ስለ ጫት በጽሑፍ ከቀሩት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ የሚገኘው በአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ላይ ሲነሣ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያጠፋ፣ በንጉሡ መቀመጫ በመርዓዴም ጫት ሊተክል ዛተ ይላል ጸሐፊው። የቤተ መንግሥቱ ካህን ዛቻውን በጆሮው ሰምቶት ይሁን፣ ወይስ ለጠላት የሚመጥን ንግግር አበጅቶለት ይሁን፣ እዚህ ላይ ብዙ አያስጨንቀኝም። የሚገርመኝ ያኔውኑ በተጉለትና በይፋት መካከል ያለው ድንበር በቅጠል መለየቱ ነው። መርዓዴ ላይ ጫት መብቀሉ መስቀል ከመውረዱ ጋር እኩል ተቆጥሯል።

የይፋት ክርስትና ታሪክ ከዚህ ቢጀመር አይከፋም። የዚህ ቆላ ሰው ሃይማኖቱ የሚታወቀው በሚበላውና በሚተወው፣ በሬውን ጠምዶ በሚውልበትና ፈትቶ በሚውልበት ቀን ነው። ነገረ መለኮቱን የሚያውቁት ካህናቱና ሼሆቹ ናቸው፤ ድስቱንና ቀኑን ግን ሁሉም ያውቃል።

አቀማመጡ ራሱ ለዚህ ይመቻል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ጣርማበር ጋቢ ደርቦ ዋሻውን ያልፍና በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከተማዋ ጋ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል፤ ጋቢው ከሻንጣ ገብቷል። ላይኛው መንዝና ተጉለት ነው፤ ገብስ፣ ብርድና ደብር የበዛበት። ታችኛው ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ወባ ነው፤ ከታቦቱ ጋር መስጊዱ፣ ከአማራው ጋር አርጎባው፣ ኦሮሞውና ከበረሃው የሚወጣው አፋር የሚገናኙበት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የተነሣው ከዚህ ነው። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂ አጥኚዎች እነኖራንና አስበሪን የመሳሰሉ የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ ከነመስጊዶቻቸው ሲያጠኑ፣ በአሁኑ አርሶ አደር ማሳና በፍየሎቹ መሰማሪያ መካከል ነበር የሚዘዋወሩት። ክርስቲያኑ እዚህ የኖረው በሌላ ሃይማኖት ጥላ ሥር ብቻ፣ ወይም በራሱ ገዥነት ሥር ብቻ አይደለም። ሁለቱንም እየተፈራረቀ አይቷል።

ዓምደ ጽዮን ሰብረዲንን ድል ከነሡ በኋላ ይፋትን ለወንድሙ ለጀማል አድ ዲን ሰጡት። ክርስቲያኑ ንጉሥ ሙስሊም ገዥን በሙስሊም ገዥ ተኩ ማለት ነው። ዜና መዋዕሉ ጦርነቱን የእምነት ጦርነት አድርጎ ይተርካል፤ የአስተዳደሩ ውሳኔ ግን ቆላው ማን እንደሆነ የተገነዘበ ሰው ውሳኔ ነው።

የቀኑ ጉዳይ ደግሞ ከላይ፣ ከደጋው ወረደ። የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው መቶ ዓመት ያህል ተከራከሩ፤ ተገለሉ፤ ተሰደዱ። በመጨረሻ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በተጉለት፣ ራሳቸው ባሠሩት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው ነገሩን ቆረጡት። ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ሁለቱን ሰንበታት ተቀበሉ። ደብሩ ራሱ ስሙን ያገኘው በግብፅ ከፈረሰው የማርያም ገዳም ነው፤ ንጉሡ የዚያን መፍረስ ሰምተው በስሙ የራሳቸውን አቆሙ። በእመቤታችን ስም 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ በየወሩም 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ እንዲዘከሩ ያጸኑ እሳቸው ናቸው። የሰንበቱ ነገር የተቆረጠበት ተጉለት ከይፋት ቆላ በላይ ያለው ደጋ ነው።

ዐዋጁ ወደ አርሶ አደሩ ሲደርስ ከንጉሡ እጅ ወጣ። አጥቢያው የራሱን ታቦት ቀን ጨመረበት፤ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 19 ገብርኤል፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም እያለ ወሩን ሞላው። በግዝት በዓል ሞፈር ያነሣ ሰው ኃጢአቱ የራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ባልገባበት ነበር። ነገር ግን የደጋው በረዶ ሲወርድ፣ የቆላው ዝናብ ሲቀር፣ በዓል የሻረውን ሰው ማሳ መርጦ አይመታም። ስለዚህ በዓል መጠበቅ የግል ጽድቅ መሆኑ ቀርቶ የመንደር ጉዳይ ሆነ፤ የሻረውን ሰው የሚወቅሰው ከካህኑ በፊት አዋሳኙ ነው። በዓላት በዙ፣ ሥራ ፈታን የሚለው የከተማ ምሁር ወቀሳ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ይህን የጋራ ዋስትና ሳያይ ስለሚናገር ገጠሩ ጆሮ አልሰጠውም። በዓል ማለት ደግሞ መተኛት አይደለም። አጥር የሚታጠረው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ዕድርና ማኅበር የሚቀመጠው፣ ልጅ የሚታጨው በነዚሁ ቀኖች ነው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚበላው ሰንበቴ፣ በየወሩ ከቤት ቤት የሚዞረው ጽዋ፣ ለድሀው የሚታደለው ዝክር የሚቆመው ማንም ወደ እርሻ የማይሄድበት ቀን ስላለ ነው።

ሰንበቴ ስል የይፋት ሰው ሌላም ነገር ያስታውሳል፤ ከሸዋ ሮቢት አልፎ በአጣዬ አቅራቢያ ያለችውን የሰንበቴን ከተማ። ገበያዋ እሑድ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር መገመት አይከብድም፤ የቆላው ክርስቲያን ግን ማልዶ ያስቀድስና ከዚያ ይሄዳል። አፋሩ ፍየሉን፣ ኦሮሞው ቅቤውንና ሰንጋውን፣ አርጎባው ሽመናውን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይገናኛል። ከፋሲካ በፊት ያለው የመጨረሻው የሰንበቴ ገበያ ሁልጊዜም ሆሳዕና ላይ ይውላል፤ ዘንባባ በጣቱ ያሰረ ክርስቲያን የፋሲካ በጉን የሚገዛው ከሙስሊም አርቢ ነው ማለት ነው። 55 ቀን ሙሉ ጥሉላት ያልቀመሰው ሰው የሚገድፍበት ቅቤ፣ ጾሙን ሁሉ በማትጾመው ጎረቤቱ ቤት ሲናጥ የሰነበተ ነው።

እዚህ ላይ ቢላዋው ይመጣል። በጉን የሸጠው ሙስሊም ክርስቲያኑ ካረደው በኋላ አይቀምሰውም፤ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ አይበላም። በስመ አብ የተባለበትና ቢስሚላህ የተባለበት ሥጋ አንድ ድስት ውስጥ አይገናኝም። ታዲያ ሰርግ፣ ክርስትና ወይም ተዝካር ሲደገስ አስቀድሞ የሚታሰበው የሙስሊሙ ጎረቤት ነገር ነው። አንድ ፍየል ወይም በግ ተለይቶ በቁሙ ይሰጣቸዋል፤ የሚያርደው ከነሱ አንዱ ነው፤ ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ወጥ ሠሪዋም ከነሱ ወገን ናት። በኒካህና በአረፋ ጊዜ ደግሞ ክርስቲያኑ በተራው የራሱ በግ ይለይለታል። ከከተማ የሚመጣ እንግዳ ሁለቱን ድስት አይቶ መለያየት ይመስለዋል። እኔ ግን የምረዳው በተቃራኒው ነው። ድስቱ ባይለይ ኖሮ ከሁለት አንዱ ድግሱን ይቀር ነበር፤ ወይም እየተሳቀቀ ይበላ ነበር። የሌላውን እገዳ ከራሱ ገንዘብ አውጥቶ የሚያከብር ደጋሽ፣ ስለ መቻቻል ስብሰባ ከተቀመጠ ባለሥልጣን የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት ከአንኮበር ሆነው ቆላውን ሲገዙ የዓምደ ጽዮንን መንገድ ነው የተከተሉት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር፤ የጥንቱን ሥርወ መንግሥት ስም እንደ ማዕርግ የያዘ ሙስሊም። የአልዩ አምባ ገበያ ዓርብ ይቆም ነበር፤ ለአንዱ የጁምዓ፣ ለሌላው የጾም ቀን። ከሁሉ የሚደንቀው ጎንቾ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ በሸዋ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ እንደጻፈው፣ ዙፋን ይመኛሉ የተባሉ የንጉሥ ዘመዶች በሰንሰለት የሚታሰሩበት የጎንቾ እስር ቤት ጠባቂ ይኸው ወላስማ ነበር። ክርስቲያን ንጉሥ የገዛ ወንድሞቹን ለክርስቲያን መኳንንት ሳያምን ለሙስሊም ሹም አደራ ሰጠ፤ ዙፋኑን ሊወርስ የማይችለው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ በፍቅር ብቻ አይመስለኝም። በሃሪስ ቆይታ መጨረሻ አካባቢ ንጉሡ እስረኞቹን ፈቱ፤ ታመው ስለነበር ምሕረቱ እንደ ስእለትም ሊቆጠር ይችላል።

ይህ ልማድ የተሰበረው እ.ኤ.አ. በ1878 በወሎ፣ በቦሩ ሜዳ ነው። አፄ ዮሐንስ የቤተ ክርስቲያኑን ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ ብለው አዘዙ። ብዙው ሕዝብ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ፤ እነሼህ ጠልሃ ሸፈቱ። በዐዋጅ የገባ ክርስትና ምን ይዞ እንደመጣ ለመረዳት፣ በማዕድ ላይ ምን እንዳደረገ ማሰብ ይበቃል። ቀድሞ ለጎረቤት በክብር ይለይ የነበረው ሥጋ አሁን መፈተኛ ሆነ፤ የክርስቲያን እርድ ያልበላ ተጠረጠረ።

የድንበሩ ምልክቶች ግን እንደ ሥጋው ሁሉ ጽኑ አልነበሩም። ቡና ለብዙ ዘመን በሸዋ ክርስቲያን ዘንድ የእስላም መጠጥ ነበር፤ በሣህለ ሥላሴ ጊዜ ክርስቲያን ሊጠጣው አይገባም ይባል ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጠጡት፤ አቡነ ማቴዎስም ጥርጣሬውን አበረዱት። ዛሬ የማርያም ማኅበርተኛ ያለ ቡና አይነሣም። ትምባሆ ከቡና የባሰ ነበር፤ አፄ ዮሐንስ አጫሹን አጥብቀው ይቀጡ እንደነበር ይታወቃል። በኋላ ግን ሸዋ ሮቢት የመንግሥት የትምባሆ እርሻ ሆነች፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ቆለኛ ጾሙን ሳይፈታ የትምባሆ ቅጠል ሲለቅም ዋለ። ዓምደ ጽዮንን ያስቆጣው ጫት ብቻ ነው በአብዛኛው ምእመን ዘንድ የቀድሞ ሥፍራውን ይዞ የቀረ፤ እሱም ከወጣቱ ጋር ብዙ እያከራከረ ነው።

መንገዱና መስኖው ሌላ ፈተና አመጡ። ማሽላ ሚካኤልን ሊጠብቅ ይችላል፤ ለገበያ የደረሰ ሽንኩርትና ቲማቲም ግን መኪና ቆሞለት ለነገ አይባልም። የቦይ ውኃ ተራም የቅዱሳኑን ስንክሳር አይቶ አይዞርም። ተራው በማርያም ቀን የደረሰበት ክርስቲያን ከሙስሊም አዋሳኙ ጋር ይለዋወጣል፤ እሱም ዓርብ እኩለ ቀን ሲደርስበት እንዲሁ። ለመልቀም የሚወርደው የመንዝ የቀን ሠራተኛ ግን የሚለዋወጠው ተራ የለውም። ያልሠራበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው፤ የበዓሉ ሕግ የተሠራው መሬትና በሬ ላለው ነበር።

ሸዋ ሮቢት ዛሬ በአገሪቱ የምትታወቅበት ሌላው ነገር ማረሚያ ቤቷ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት የታሰሩ ብዙ ወጣቶች የተጋዙት ወደዚያ ነበር። በዓል በቀረበ ቁጥር ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዶሮና ድፎ ይዘው የሚወርዱ እናቶች አሉ። እስረኛ መጠየቅ ወንጌል በግልጽ ከሚያዝዛቸው ጥቂት ተግባራት አንዱ ነው፤ በስብከት ግን ከጾምና ከስግደት ያነሰ ቦታ ነው የሚሰጠው። ስንቁን የያዙት እናቶች ስብከቱን አልጠበቁም።

መንግሥት የሌላውን ቀን እንደ ቀን የቆጠረው በጣም ዘግይቶ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ የበዓላት ጉዳይ ነበር። በ1967 ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ለይፋት ይህ አዲስ አልነበረም፤ እዚያ ሁለቱም ወገን የሌላውን በዓል ቀድሞውንም ያውቅ ነበር።

በሚያዝያ 2013 ከሆነው በኋላ ግን የዚያን ሁሉ ልማድ ጉልበት የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አይወቀስም። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነበር፤ ረመዳን የገባው በወሩ መጀመሪያ ነው። ሁለቱም ጾም ላይ ሳሉ አጣዬ ተቃጠለች፤ ሸዋ ሮቢትም ጉዳት ደረሰባት። የግጭቱ ቋንቋ የብሔር ነበር እንጂ የሃይማኖት አልነበረም፤ ምናልባትም ለዚህ ነው ድስቱንና ቀኑን መጠበቅ የሚችለው የጎረቤት ሕግ ያልያዘው። ሕጉ የተሠራው ክርስቲያንና ሙስሊም ለሚባሉ ጎረቤቶች ነው፤ በሌላ ስም የሚጠራ ታጣቂ ሲመጣ የሚለው ነገር አልነበረውም። በኅዳር 2014 ደግሞ የገና ጾም እንደተያዘ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ መንግሥት ከተማዋን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ከኅዳር ጽዮን ማግስት ነው።

ቀኖቹ ከዚያም ወዲህ መገናኘታቸውን አልተዉም። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰኞ ገቡ፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቤቶች ምሳ ሳያነዱ ዋሉ። ጨረቃ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለምትቀድም ይህ መደራረብ እያለፈ ነው። በ2021 ረመዳን ወደ ጥር ይወርዳል፤ ጥምቀት በጾሙ የመጀመሪያ ቀናት ይውላል። በ2022 ደግሞ ገና በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ላይ ይደርሳል። ታቦት ሸኝቶ የሚመለስ ክርስቲያን ድፎውን የሚቆርሰው፣ ለጎረቤቶቹ የለየውን በግ የሚያበላው በቀን ሊሆን አይችልም፤ ጥሪው ከመግሪብ በኋላ መሆን አለበት፣ በጉም ከሰዓት በኋላ መታረድ አለበት። የይፋት ባልቴቶች ይህን አስልተውታል፤ ከዚያ 32 ዓመት ቀድሞም እንዲሁ ገጥሞ ነበርና።