ከጣራ ሥር ያለች ሴት

እህቴ፣ ቻይኖች ቃላቸውን የሚጽፉት እንደኛ በሀ ሁ ሳይሆን ከ3,000 ዓመት በላይ በቆየ ምልክት ነው። "ሴት" የሚለው ምልክት በጥንቱ አጻጻፍ እጇን አጣምራ የተንበረከከች ሰው ይመስላል። ሴትና ልጅ አብረው ሲጻፉ "ጥሩ"፣ ሴት ከጣራ ሥር ስትጻፍ "ሰላም" ይሆናል። አጠገቧ እጅ ሲጨመር ግን "ባሪያ" ነው። እኛ ደማምና ኾበር በሰው ጣራ ሥር የምናድር፣ ጣራ ሁሉ ሰላም እንዳልሆነ እናውቃለን።

ዐረብኛ ሥዕል የለውም። ለሴት ሲሆን ከቃሉ መጨረሻ ሁለት ነጥብ ያላት ክብ ፊደል ይጨምራል። "ኻዲማ" ላይም "ዓሚላ" ላይም ያቺው ፊደል አለች። ልዩነቱ ከእሷ በፊት ያለው ነው፤ ኻዲማ አገልጋይ፣ ዓሚላ ሠራተኛ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ ደንብ እኛን "የቤት አገልግሎት ሠራተኞች" ብሎ ጽፎ፣ ደመወዝ በየወሩ እንዲከፈል አዟል፤ የሳምንት ዕረፍትንም አንስቷል።

ስም እንዲህ ይለወጣል። አገራችንም "ወይዘሮ" ድሮ የመሳፍንትና የመኳንንት ሴቶች መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ ባለትዳር ሁሉ ትጠራበታለች። "ገረድ" የሚለውንም "ሠራተኛ" እየተካው ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ኢቃማሽንና ውልሽን ዐረብኛ ለሚያነብልሽ ሰው አሳዪና ሥራሽ በምን ስም እንደተጻፈ ጠይቂ። እኛም እርስ በርሳችን "ኻዳማ ናት" መባባሉን እንተው። አገልጋይ የሚሰጣትን ትጠብቃለች፤ ሠራተኛ ግን የሠራችበትን ትጠይቃለች።