የመሠረት ቁፋሮ ታሪክ በገዴራ፣ በቅርያት ማላኺና በያቭኔ

በእስራኤል ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ ተቀራርበው የሚገኙት ገዴራ፣ ቅርያት ማላኺና ያቭኔ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች የቤት መሠረት የሚያስቆፍር ሰው ከተቋራጭ ጋር የሚፈራረመው ውል ላይ ላዩን ሲታይ የማሽንና የዋጋ ጉዳይ ቢመስልም፣ አመጣጡ ሲመረመር ግን መሬቱን ማን እንዲቆፍር እንደሚፈቀድና ከመሬቱ የሚወጣው ነገር የማን እንደሚሆን የሚወስነው ኃይል በየዘመኑ መለዋወጡን ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገዴራ ታሪክ የሚጀምረው ከፈቃድ እጦት ነው። ከሩሲያ ግዛት የመጡት ‹ቢሉ› የተባለው የወጣቶች ማኅበር አባላት በ1884 መጨረሻ የሠፈሩበትን መሬት የገዛላቸው የሒኤል ሚኻል ፒኔስ ሲሆን፣ ቦታው አስቀድሞ ቀጥራ የተባለው የአረብ መንደር ገበሬዎች ያርሱት የነበረ በመሆኑ ሠፋሪዎቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጠብ አላጡም። የኦቶማን መንግሥት ደግሞ የአይሁድ ሠፈሮችን መስፋፋት ለመግታት የግንባታ ፈቃድ ይከለክል ስለነበር፣ ሠፋሪዎቹ በረት ከምድር በላይ መሥራቱን ትተው ወደ ታች ቆፈሩ፤ ጉድጓዱንም በጣራ ከድነው ከብቶቻቸውን አስገቡበት። ግድግዳ የሌለው ጉድጓድ በባለሥልጣን ፊት ሕንፃ ነው ተብሎ ለመከሰስ አይመችምና፣ ‹የቢሉዎች ጉድጓድ› እየተባለ እስከ ዛሬ በከተማዋ የሚታወሰው ይህ ሥራ ቁፋሮ ራሱ የሕግ ማምለጫ የነበረበትን ጊዜ ያመለክታል። ሥራው የተሠራው በእጅ ነው፤ መሣሪያውም ‹ቱሪያ› የሚባለው ሰፊ ምላስ ያለው መቆፈሪያ ሲሆን፣ ለግንባታ የሚያስፈልገው አሸዋ በዚያ ዘመን ከባሕር ዳር የሚጓጓዘው በግመል ነበር።

ቁፋሮ የተቋራጭ ሥራ ሆኖ የተደራጀው በእንግሊዝ የሞግዚት አስተዳደር ዘመን ነው። በ1920 የተመሠረተው ‹ሂስታድሩት› የተባለው ጠቅላላ የሠራተኞች ማኅበር መንገድ የሚጠርጉና ድንጋይ የሚፈልጡ ቡድኖችን እያቋቋመ ሥራን በቁርጥ ዋጋ ይረከብ ነበር፤ የማኅበሩ የሥራ ቢሮ ተተኪ የሆነው ‹ሶሌል ቦኔ› በ1924 ራሱን የቻለ የግንባታ ድርጅት ሆነ። ቃብላን የሚባለው ተቋራጭ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የግድ አንድ ሀብታም ሰው አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ገቢውን የሚካፈል የቆፋሪዎች ቡድን ነበር። ያው አስተዳደር በ1929 ያወጣው የቅርሶች ደንብ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራን ነገር ሁሉ ቅርስ ብሎ ስለ ደነገገ፣ ቆፋሪው ከግንባታ ፈቃድ በተጨማሪ ከሥር ስላለው ነገርም የሚጠየቅበት ሁኔታ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ጸና።

ቅርያት ማላኺ የሌላ ዘመን ልጅ ናት። በ1948ቱ ጦርነት የቀስጢና፣ የቀጥራና የይብና (የዛሬዋ ያቭኔ) መንደሮች ከአረብ ነዋሪዎቻቸው ባዶ ከሆኑ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መባቻ በቀስጢና አጠገብ ‹ማአባራ› ተቋቋመ፤ ማአባራ ማለት አዲስ መጤዎች ቋሚ ቤት እስኪያገኙ በድንኳንና በቆርቆሮ ጎጆ የሚቆዩበት መሸጋገሪያ ሠፈር ነው። ከዚህ ሠፈር የወጣችው ከተማ ስሟን ከሎስ አንጀለስ፣ ማለትም ከ‹መላእክት›፣ ያገኘችው የዚያች ከተማ አይሁዶች ለምሥረታዋ ገንዘብ ስላዋጡ ነው። በዚያ ጊዜ መሠረቱን የሚያስቆፍረው መንግሥትና የመንግሥት የቤቶች ድርጅት ስለነበር፣ ነዋሪው ተቋራጩን አይመርጥም፣ ውሉንም አያይም፤ ቁልፍ ሲሰጠው ይገባል እንጂ። ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰለሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ የደረሱት ቤተሰቦችም የገቡት በዚሁ ልማድ ውስጥ ነበር። በጎንደር ገጠር የቤት ምሰሶ የሚቆምበት ጉድጓድ በጎረቤትና በዘመድ ደቦ ይቆፈር ስለነበር፣ ጠላና እንጀራ ያቀረበ ባለቤት የሥራው አዛዥም እሱ ራሱ ነበር፤ ዝግጁ አፓርታማ የተረከበ ሰው ግን ከእግሩ በታች ያለውን አፈር የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም።

አፈሩ ግን መታወቅ የሚገባው ነው። ወደ ያቭኔ በኩል ያለው ቀይ አሸዋማ አፈርና ‹ኩርካር› የሚባለው ከአሸዋ የረጋ ድንጋይ በቀላሉ ሲቆፈር፣ ከገዴራ ወደ ደቡብ በሚዘረጋው ሜዳ የሚገኘው ጥቁር ጭቃ ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ዓይነት ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ ግድግዳ ከጥቂት ወቅቶች በኋላ ስንጥቅ ስለሚያወጣ፣ መሐንዲሶች መሠረቱን በጥልቅ ተቦርቡረው ኮንክሪት በሚሞሉ ምሰሶዎች ላይ ማሳረፍን ይመርጣሉ። የአፈር ጥናት ከቁፋሮው በፊት የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ግለሰቡ ራሱ አስቆፋሪ ወደ መሆን የተመለሰው በ1970ዎቹ ነው። አብዛኛው የአገሪቱ መሬት በመንግሥትና በሕዝባዊ ድርጅቶች ባለቤትነት ሥር በመሆኑ፣ ‹ብኔ ቤትኻ›፣ ማለትም ‹ቤትህን ሥራ›፣ የተባለው መርሐ ግብር ለቤተሰቦች ቦታ በሊዝ እየሰጠ ግንባታውን ለራሳቸው ተወላቸው። በዚህ ምክንያት አንድ ሾፈል፣ አንድ ባገርና አንድ ገልባጭ መኪና ያለው ትንሽ ተቋራጭ በየከተማው ገበያ አገኘ፤ ሾፈል አፈር የሚዝቀው ሎደር ሲሆን ባገር ደግሞ በኢትዮጵያ ኤክስካቫተር የሚባለው ነው። ሕጉ ከዚያ አስቀድሞ መጥበቅ ጀምሮ ነበር፤ የ1965ቱ የዕቅድና የግንባታ ሕግ ፈቃድን፣ የ1969ኙ ሕግ የተቋራጮችን ምዝገባ ሲደነግጉ፣ የ1988ቱ የደኅንነት ደንብ ከ1.20 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቁፋሮ ጠርዙ እንዲደገፍ ወይም እንዲዳፋ አዘዘ። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም፣ ወገቡ ድረስ የተቀበረ ሠራተኛ ከአፈር ክብደት የተነሣ ራሱን ማውጣት እንደማይችል ለሚያውቅ ሰው ትንሽ አይደለም።

የያቭኔ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል፤ በዚያ ባገሩ የሚነካው አፈር ብቻ አይደለምና። ከተማዋ ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ካፈረሱ በኋላ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ የአይሁድን ሊቃውንት ያሰባሰበባት ስፍራ ናት። በጥንቱ ጉብታ አጠገብ ለመናፈሻ ተብሎ የተደረገ የማሽን ሥራ የፍልስጥኤማውያንን የአምልኮ ዕቃዎች ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ስለነካ፣ አርኪዮሎጂስቱ ራዝ ክሌተር በ2002 ቆፍሮ ብዙ የሸክላ የአምልኮ ማስቀመጫዎችን አወጣ። ለከተማዋ መስፋፊያ በተዘጋጀው መሬት ላይ የተካሄደው ቁፋሮ ደግሞ በ2021 ይፋ እንደ ሆነው ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ሰፈር ገለጠ፤ አምስቱ መጭመቂያዎች እያንዳንዳቸው 225 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆኑ፣ ወይኑ በእግር የሚረገጥበት ወለል፣ ጭማቂው የሚፈላባቸው ክፍሎች፣ የሚጠራቀምባቸው ስምንት ማዕዘን ገንዳዎችና የጋዛ እንስራ የሚባሉት ማሰሮዎች የሚተኮሱባቸው ምድጃዎች ነበሯቸው። የዓመት ምርቱ 2 ሚሊዮን ሊትር ያህል ተገምቷል። ከዚያው አካባቢ ከአንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ የወጣው ሺህ ዓመት ያህል የቆየ የዶሮ እንቁላል ደግሞ ሳይሰበር የተገኘው የጉድጓዱ ለስላሳ ቆሻሻ ስላቀፈው ነው።

በ1978 የወጣው የቅርሶች ሕግ የ1700ን ወሰን እንዳለ ወርሶ ግኝቱን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ቅርስ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የማዳን ቁፋሮውን ወጪ ግን በተግባር የሚሸከመው ግንባታውን የጀመረው ወገን ነው። አንድ ሙሉ ሠፈር የሚያስገነባ መሥሪያ ቤት ይህን ወጪ በብዙ ቤቶች ላይ ያከፋፍለዋል፤ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት የሚሠራ ቤተሰብ ግን የሚያካፍለው የለውም። ሕጉ ቅርሱን መጠበቁ ትክክል ቢሆንም፣ የጋራ የሆነውን ያለፈ ዘመን ዋጋ በአጋጣሚው ባለቦታ ላይ መጫኑ ለመከላከል የሚያስቸግር ነው።

የዛሬው ውል እነዚህን ዘመናት ሁሉ ተሸክሟል። ጠንቃቃ አስቆፋሪ የተቋራጩን የምዝገባ ቁጥርና የመድን ሽፋን፣ የአፈር ጥናቱን፣ ቦታው በቅርስ ክልልነት የታወጀ መሆን አለመሆኑን አይቶ፣ ቅርስ ተገኝቶ ሥራ ሲቆም ማሽኑ ቆሞ የሚውልበትን ቀን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያጽፋል። ብዙ ጠብ የሚያስነሣው ግን ከሁሉ ቀላል የሚመስለው መለኪያ ነው፤ የተቆፈረ አፈር ስለሚላላ በገልባጭ መኪና ላይ ሲጫን በጉድጓዱ ውስጥ ከነበረው መጠን በሩብ፣ ጭቃ ሲሆን ከዚያም በላይ ይጨምራልና፣ ክፍያው በጉድጓዱ ስፋትና ጥልቀት ይሁን በተጫነው ኩብ ሜትር በውሉ ላይ ካልተለየ፣ አንዱን ጉድጓድ ባለቤቱና ተቋራጩ በሁለት ዋጋ ያሰሉታል።