ስለ ሴቶች የመምረጥ መብትና ስለ ድሬዳዋ ታሪክ

የአንድ ከተማ ታሪክ የሹማምንቱን ስም በተርታ በመቍጠር ብቻ አይፈጸምም። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት ጊዜ የተቈረቈረች፥ አስቀድሞም አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ናት። ስለ ሐዲዱና ስለ ጣቢያው፥ ስለ ከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ስለ መጋላ ገበያ መጻፍ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው ገበያ ውለው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴቶች በአገራቸው ጉዳይ ድምፅ ለመስጠት መቼና እንዴት እንደ በቁ መመርመርም ከዚህ ያላነሰ ሥራ ነው።

ይህን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ይኸውም በሌላው ልክ የተሰፋውን ልብስ ለራስ አገር እንዳያለብስ ነው። በእንግሊዝ አገር ሴቶች የመምረጥን መብት ለማግኘት በአደባባይ ተሰልፈዋል፥ ወህኒ ገብተዋል፥ በእስር ቤትም ምግብ አንቀበልም ብለው ተርበዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1918 ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት ላላነሰና ሕጉ የጠየቀውን ላሟሉት ተፈቀደ፤ ከወንዶች ጋራ የተካከሉት ግን በ1928 ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ አዘዘ፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ ሴቱም ወንዱም ተራ ሰው ድምፅ አልነበረውም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ፥ ወንድና ሴት ሳይለይ፥ የመምረጥን መብት ሰጠ። የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. በመስከረም ወር ተደረገ። በዚህ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደ ምክር ቤት ገብተው የመጀመሪያይቱ ሴት እንደራሴ ሆኑ።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው የሚደነቅበት ነገር አለ። የድሬዳዋን ሐዲድ የዘረጉት ፈረንሳውያን ለሴቶቻቸው የመምረጥን መብት የፈቀዱት በ1944 ነው። ወይዘሮ ስንዱ የተማሩባት ስዊስ ደግሞ በአገር አቀፍ ምርጫ ሴቶችዋን የተቀበለችው በ1971 ነው፤ ይህም ተማሪዋ በአገሯ ምክር ቤት ከተቀመጠች ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ መብቱ በዐዋጅ ስለ መጣ ሴቶቹ ምንም አልደከሙም ማለት ስሕተት ነው። በ1927 ዓ.ም. የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቍሞ ነበር። በጠላት ወረራ ጊዜ እነ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከአርበኞች ጋራ መከራ ተቀብለዋል፤ ወይዘሮ ስንዱም ራሳቸው ተማርከው ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። በዐዋጅ የተሰጠ መብት በሰው እጅ እስኪገባ ድረስ ወረቀት ነው። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊ የሚጠይቀው ማን ሰጠ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ማን ተጠቀመበት፥ ማንስ ቀረ፥ ስለ ምን ቀረ ብሎም ነው። ለመመረጥ በአውራጃው ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበርና፥ በስሟ ቤት ወይም ርስት የነበራት ሴት ስንት ነበረች ብሎ መጠየቅም ይገባል።

ማስረጃውም በአንድ ስፍራ ተከማችቶ አይገኝም። የጥምቀት መዝገብ የዕድሜን ነገር ያስረዳል፤ የዕድርና የማኅበር ደብተር ሴቶች ገንዘብና አስተዳደር እንዴት እንደ ያዙ ያመለክታል፤ የጥጥ ፋብሪካው የሠራተኞች ስም ዝርዝር ደግሞ ከቤት ወጥታ በደመወዝ ያደረችውን ሴት ያሳያል። ድሬዳዋ አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ሶማሊኛና ሐረሪኛ የሚነገርባት ከተማ ናትና፥ እናቶችን በየቋንቋቸው መጠየቅ ግድ ነው። በአማርኛ ብቻ የጠየቀ የከተማይቱን እኩሌታ ሳይሰማ ይቀራል።

የሰሙትን ሁሉ ሳይመዝኑ መጻፍም አይገባም። በእንግሊዝ የሴቶች ትግል የታሰሩት ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት የዚያን ትግል ታሪክ በ1931 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በኋላም በ1928 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቋሙ፤ በ1948 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። በነገሩ ውስጥ የነበረ ሰው የጻፈው ምስክርነት ክቡር ነው፤ ነገር ግን እናትና እኅት፥ ወዳጅና ተቃዋሚ ከተናገሩት ጋራ ሳይተያይ ፍርድ አይሰጥበትም። የድሬዳዋም እናት የምትናገረው እንዲሁ ከመዝገብ ጋራ ይተያይ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በ1950 ዓ.ም. ለመምረጥ የበቃች ሴት የተወለደችው ከ1929 ዓ.ም. ወዲህ አይደለምና፥ ዛሬ በሕይወት ያለችው ወደ ዘጠና የተጠጋች ወይም ያለፈች ናት። ወረቀቱም ቢሆን አይታመንም፤ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሲገድል ቤቶችን ከነዕቃቸው ጠርጎ ወስዷል። ውሃ የወሰደውን መዝገብ የሚተካ የአረጋውያን ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል።

እንግዲህ ካህኑ መዝገቡን ይግለጥ፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ይላክ፤ የዕድሩ ጸሐፊ አሮጌውን ደብተር አይጣል። ዛሬ በድሬዳዋ ለሥራ ማልዳ የምትወጣ ልጅ የምርጫ ካርድ በእጇ ስትይዝ፥ ያን ካርድ መጀመሪያ የያዘችው የከተማዋ ሴት ማን እንደ ነበረች ብትጠይቅ፥ መልስ የሚሰጣት መጽሐፍ ልታገኝ ይገባታል።