‘ኩንግ ፉ ፓንዳ 2’፦ ሳቅ፣ ፍልሚያ እና የጉዲፈቻ ልጅ ጥያቄ

አባቱ ዝይ፣ ልጁ ፓንዳ። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2008 ለዕይታ በበቃው የመጀመሪያው ‘ኩንግ ፉ ፓንዳ’ ፊልም ይህ ዝምድና ተመልካችን ከማሳቅ ባለፈ ማንም የሚያብራራው ጉዳይ አልነበረም። በግንቦት 2011 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ቀልዱን ወደ ጥያቄ ለወጠው፦ ይህ ልጅ ከየት መጣ? የወለዱትስ ወዴት ሄዱ?

ጥያቄው የሚቀርብለት ዝይ፣ ሚስተር ፒንግ፣ የሚናገረው በሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ በተወለዱት አንጋፋ ተዋናይ በጄምስ ሆንግ ድምጽ ነው። ሚኒያፖሊስና ጎረቤቷ ሴንት ፖል በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም የኦሮሞ ማኅበረሰብ አባላት የሚኖሩባቸው መንትያ ከተሞች ናቸው። ከሩቅ አገር መጥተው በጉዲፈቻ ያደጉ ብዙ ልጆችም መኖሪያቸው እዚያው ነው። በእነዚህ ልጆች ቤት የፓንዳው ጥያቄ ከፊልም ያለፈ ትርጉም አለው።

ታሪኩ

ጎንግመን በተባለች ከተማ የሚገዙት ጣዎሶች ሰዎችን የሚያስደስት ርችት ይሠራሉ። ልጃቸው ሼን ግን በርችቱ ባሩድ የጦር መሣሪያ መሥራት ይጀምራል። ትንቢት ተናጋሪዋ ፍየል፣ ጥቁርና ነጭ የለበሰ ተዋጊ አንድ ቀን ድል እንደሚነሳው ስትናገር፣ ሼን ከትንቢቱ ለማምለጥ የፓንዳዎችን መንደር ያስፈጃል። ወላጆቹ በድርጊቱ ተሸማቅቀው ከከተማዋ ያባርሩታል።

ከዓመታት በኋላ ሼን መድፍ ይዞ ይመለሳል። ሊገታው የሚዘምተው ‘የዘንዶው ተዋጊ’ የተባለው ወፍራሙና በላተኛው ፓንዳ፣ ፖ ነው። በውጊያው መካከል በአንድ ተኩላ ጦር ልብስ ላይ የተመለከተው ምልክት የተቀበረ ትዝታ ይቀሰቅስበታል። ወደ ቤቱ ተመልሶም አባቱን ይጠይቃል።

ሚስተር ፒንግ ልጁ የአብራኩ ክፋይ እንዳልሆነ የሚናዘዝበት ትዕይንት ከፊልሙ አስቂኝ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ዝይ ፓንዳ እንደማይወልድ ሳያውቅ ወደ ሲኒማ የገባ ተመልካች የለምና። ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። ሚስተር ፒንግ ሕጻኑን ያገኘው አትክልት በመጣበት ሳጥን ውስጥ ነበር። ፈልጎት የሚመጣ ሰው ቢጠብቅም ማንም አልመጣም። ስለዚህ አስገባው፣ አበላው፣ አጠበው፤ ልጄ አለው።

ሼን በበኩሉ ፖን የሚወጋው በመድፍ ብቻ አይደለም፤ ወላጆችህ ስላልወደዱህ ጣሉህ ይለዋል። ፖ የሚያሸንፈው እውነቱን ሲያስታውስ ነው፦ እናቱ በሳጥኑ ውስጥ የደበቀችው ከሞት ልታተርፈው፣ አሳዳጆቹንም ወደ ራሷ ልትስብ ነበር።

ከሥራው ጀርባ

የድሪምዎርክስ አኒሜሽን ሥራ የሆነውን ፊልም ያዘጋጀችው በደቡብ ኮሪያ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው ጄኒፈር ዩ ኔልሰን ናት። በአንድ ትልቅ የሆሊውድ ስቱዲዮ ሙሉ የአኒሜሽን ፊልምን ብቻዋን በማዘጋጀትም የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የፖን ትዝታዎች ከቀሪው የኮምፒውተር ምስል በተለየ በእጅ ሥዕል መልክ ማቅረቧ፣ ሕጻናት እንኳ የአሁኑን ካለፈው ሳይቸገሩ እንዲለዩ ረድቷል።

ፖን ጃክ ብላክ፣ ሼንን ጋሪ ኦልድማን፣ ትንቢት ተናጋሪዋን ሚሼል ዮ በድምጽ ተጫውተዋል። በእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ያደገችው ብርቱ ተዋጊ ታይግረስ ድምጽ አንጀሊና ጆሊ ናት፤ ተዋናይዋ በ2005 ከኢትዮጵያ አንዲት ሕጻን በጉዲፈቻ ወስዳለች።

ፊልሙ በመላው ዓለም ከ665 ሚሊዮን ዶላር በላይ በማስገባት ከመጀመሪያው ክፍል የላቀ ሲሆን፣ ለኦስካር ሽልማትም ታጭቷል። ሦስተኛው ክፍል በ2016፣ አራተኛው ደግሞ በ2024 ተከትለዋል።

የሚኒያፖሊሱ ተወላጅ

ጄምስ ሆንግ በ1929 በሚኒያፖሊስ ከቻይናውያን ስደተኛ ወላጆች ተወለዱ። የልጅነታቸውን ከፊል በሆንግ ኮንግ አሳልፈው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ፤ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም የሲቪል ምህንድስና ተማሩ። በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ አቅንተው ለተወሰነ ጊዜ በመንገድ መሐንዲስነት ቢሠሩም፣ ልባቸው ያለው ትወናው ላይ ነበር።

በዚያ ዘመን ሆሊውድ ለእስያ ዝርያ ተዋንያን የሚሰጠው ሚና ጠባብና ብዙ ጊዜም የሚያሳንስ ነበር። ሆንግ በ1965 ከባልደረቦቻቸው ጋር ‘ኢስት ዌስት ፕሌየርስ’ የተባለውን የእስያ አሜሪካውያን የቲያትር ቡድን በሎስ አንጀለስ መሠረቱ። ከ600 በላይ በሚሆኑ የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራዎች ከተሳተፉ በኋላ፣ በ2022 በ93 ዓመታቸው ስማቸው በሆሊውድ የዝነኞች ጎዳና በኮከብ ተቀረጸ። ‘ኩንግ ፉ ፓንዳ 2’ ለዕይታ ሲበቃ 82 ዓመታቸው ነበር፤ ሚስተር ፒንግንም በአራቱም ፊልሞች ተጫውተዋል።

በሚኒሶታ እና በኢትዮጵያ

ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ ወይም የተለዩ በርካታ ኮሪያውያን ሕጻናት በአሜሪካ ቤተሰቦች ያደጉ ሲሆን፣ ሚኒሶታ ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር እነዚህ ልጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው ግዛቶች በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች። ከዓመታት በኋላ ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕጻናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ተወስደዋል።

የልጅ አሳዳጊነት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የቤተሰብ ሕጉ የሚጠቀምበት ‘ጉዲፈቻ’ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፤ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍልም ‘የጡት ልጅ’ የሚባል ዝምድና ነበር። በእነዚህ ልማዶች ልጁ ከአሳዳጊዎቹ ጋር በጎረቤትና በዘመድ መካከል ያድጋል። በውጭ አገር ጉዲፈቻ ግን ልጁን ከተወለደበት ቀዬ ውቅያኖስ ይለየዋል፤ ስለ አመጣጡ የሚያውቀውም ሰነዱ የሚነግረውን ያህል ብቻ ይሆናል።

ሰነዱ ደግሞ ሁልጊዜ እውነቱን አልያዘም። ወላጆቻቸው በሕይወት እያሉ የሞቱ ተብለው ስለተመዘገቡ ሕጻናት የወጡ ዘገባዎች በውጭ ጉዲፈቻ ላይ የነበረውን እምነት ሸረሸሩት። ፊልሙ በወጣበት በዚያው ወር፣ በግንቦት 2011፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት ሞተች፤ ባልና ሚስቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ጥፋተኛ ተባሉ። ጉዳዩ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ። በጥር 2018 የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕጻናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ የሚከለክል የሕግ ማሻሻያ አጸደቀ።

ክልከላው ከዚያ በፊት የሄዱትን ልጆች ጥያቄ አልዘጋውም። ብዙዎቹ ዛሬ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ናቸው። አንዳንዶቹ የወለዷቸውን ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳሉ።

ትንሽ ልጅ በፖ አወዳደቅና በምግብ ፍቅሩ ይስቃል፤ ወላጁ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ የሚስተር ፒንግን ፍርሃት፣ ልጄ እውነቱን ካወቀ ይተወኛል የሚለውን ስጋት ያደምጣል። ፊልሙ ለአንደኛው ወላጅ ሲል ሌላውን አይሰርዝም። ፖ የእናቱን መሥዋዕትነት ካወቀ በኋላ ወደ ኑድል ቤቱ ተመልሶ ማን መሆኑን እንዳወቀ ይናገራል፦ የሚስተር ፒንግ ልጅ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ግን ከተራሮች ማዶ አንድ አረጋዊ ፓንዳ ልጁ በሕይወት እንዳለ ይሰማዋል።