«ቁጥረ ስሙም»፦ የጡንቸኛ መኪኖች ዋጋ የተንጠለጠለበት ቃል

በጁን 2014 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚካም የተባለው አጫራች ድርጅት አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ላይ አንዲት የ1971 ሞዴል ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ ለጨረታ አቀረበ። ጣሪያዋ ተጣጣፊ፣ ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ ማኑዋል ነው። መዶሻው የወረደው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነበር። ይህች መኪና አዲስ ሳለች «ሄሚ» የተባለውን ትልቁን ሞተር የፈለገ ገዢ በዋጋው ላይ የሚጨምረው 900 ዶላር አይሞላም። በዚያው ዓመት በዚያው ቅርጽ የተሠሩ፣ ግን አነስተኛ ሞተር ይዘው የወጡ እህቶቿ ዛሬ ገበያ ቢወጡ የዚህን ገንዘብ አንድ አስረኛ እንኳ አይጠሩም።

ልዩነቱ የሞተር ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር። ሄሚ ሞተር ለብቻው ይገዛል፤ ጎበዝ ጋራዥ ትንሹን አውርዶ ትልቁን ይሰቅላል። ኮፈኑም፣ በጎኗ የሚለጠፈው ትልልቅ ጽሑፍም፣ ወንበሩም ዛሬ እንደ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ በዓይን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ታዲያ ሰብሳቢው ከረጢቱን የሚፈታው ለየትኛዋ ነው? ኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ፋብሪካው በተወለደችበት ቀን የሰጣት ያው የራሷ ሞተር መሆኑን ማስረዳት ለምትችለው።

የዘርፉ ሰዎች ይህን በእንግሊዝኛ «ማችንግ ነምበርስ» ይሉታል። በአማርኛ «ቁጥረ ስሙም» ብንለው ያስኬዳል። «ልበ ሙሉ ሰው»፣ «ስመ ጥር ሐኪም» እንደምንለው «ቁጥረ ስሙም መኪና» ማለት በሞተሯ፣ በካምቢዮዋና በሌሎች ዋና ዋና አካላቷ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ከሻንሲ ቁጥሯና ከተገጣጠመችበት ቀን ጋር የተስማሙላት መኪና ናት።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። መኪና የገዛ ሁሉ ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተለይተው መጻፋቸውን፣ ሁለቱም ከመኪናው ጋር መመሳከር እንዳለባቸው ያውቃል። ዓላማው ግን ይለያያል። እኛ ዘንድ ማመሳከሪያው ንብረቱ የተሰረቀ ወይም የተጭበረበረ አለመሆኑን ለማወቅ ነው፤ ሞተር ቢቀየርም በሕጋዊ መንገድ አስመዝግቦ መንዳት ይቻላል። ለአሜሪካዊው ሰብሳቢ ግን የተቀየረው ሞተር የቱንም ያህል ሕጋዊና ጤነኛ ቢሆን መኪናዋ ከከፍተኛው እርከን ወርዳለች።

ለምን እዚህ ደረጃ እንደተደረሰ ለመረዳት ወደ 1964 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መጠን ያላቸው መኪኖቹ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠምላቸው የሚከለክል የውስጥ መመሪያ ነበረው። የድርጅቱ አንድ ክፍል በነበረው በፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ መመሪያውን የሚያልፉበት ቀዳዳ አገኙ፤ ክልከላው አዲስ ሞዴልን እንጂ በተጨማሪ ክፍያ የሚታዘዝ ዕቃን አይጠቅስም። ስለዚህ የትልቁን ፖንቲያክ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ለትንሿ ቴምፐስት «ተጨማሪ ዕቃ» አድርገው አቀረቡት፤ ስሙንም ጂቲኦ አሉት። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠ። ከዚያ በኋላ አለቆቹ ስለ መመሪያው ብዙም አልተናገሩም።

ቀላል አካል፣ ከባድ ሞተር፣ ወጣት የሚችለው ዋጋ። የማስል ካር፣ በእኛ አነጋገር የጡንቸኛ መኪና ቀመር ይኸው ነው። ሼቭሮሌ፣ ዶጅ፣ ፕሊመዝ፣ ፎርድና ቢዩክ ተከትለው ገቡበት፤ በ1970 የሼቭሮሌ ሼቬል ኤስኤስ «ኤልኤስ6» የተባለው ሞተር በፋብሪካው መግለጫ 450 የፈረስ ጉልበት ደርሶ ነበር።

ዘመኑ ግን አጭር ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለወጣት አሽከርካሪዎች ዓረቦኑን ሰቀሉት። በ1970 የጸደቀው የንጹሕ አየር ሕግ የጭስ ገደብ አመጣ፤ በ1971 ጄኔራል ሞተርስ የሞተሮቹን እመቃ ቀነሰ። በ1973 መጨረሻ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲመጣ የቀረውን ጨረሰው። በጥቂት ወራት ውስጥ እነዚያ መኪኖች ቤንዚን የሚጠጡ ሸክሞች ሆኑ፤ በርካሽ ተሸጡ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ።

የዛሬው ብርቅነት የተወለደውም እዚህ ላይ ነው። ገዢዎቹ በአብዛኛው በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ፣ ቅዳሜ ማታ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙ ልጆች ነበሩ። ለሞተሩ አላዘኑለትም። የፈነዳው ሞተር ዋስትና ካለው በሌላ ይቀየራል፤ ሼቭሮሌ ለምሳሌ በዋስትና ለሚተካው ሞኖብሎክ «ሲ ኢ» የሚል ልዩ ምልክት ይመታበት ነበር። ዋስትና ከሌለው ደግሞ ከተገኘው ዕቃ ተራ ሞተር ይሰቀላል። ጥሩው ሞተር ያለባት መኪና አካሏ ከተጋጨ ሞተሩ ወርዶ ለውድድር መኪና ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ማንም ሰው፣ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው በባትሪ መብራት ጎንበስ ብሎ ይህን ቁጥር ያነበዋል ብሎ አላሰበም። ኃይላቸው የበዛው በብዛት ሞተራቸውን ያጡት ለዚህ ነው፤ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትነዳዋ ባለ ስድስት ሲሊንደር ግን ሞተሯን እስከ ዛሬ ይዛ ትገኛለች፤ የሚፈልጋት ግን የለም።

ጥቂት መሆን ብቻውን ዋጋ አያወጣም ማለት ነው። የኤልኤስ6 ሼቬል በአጠቃላይ 4,475 ያህል እንደተሠራ ይነገራል፤ ከእሷ በቁጥር እጅግ የሚያንሱ፣ ግን ማንም ቀና ብሎ የማያያቸው ሞዴሎች ሞልተዋል። ብርቅነት የሚከበረው ኃይል፣ ዝናና ማስረጃ አብረውት ሲቆሙ ነው። በሌላ በኩል አዲስ ሳሉ ገበያ ያጡ አንዳንዶቹ ዛሬ ከፍ ያሉት ናቸው። ኢሊኖይ ውስጥ ላ ሃርፕ በምትባል ትንሽ ከተማ መኪና ይሸጥ የነበረው ፍሬድ ጊብ በ1969 ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነ 427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር የያዘችውን ካማሮ ዜድኤል1 ሃምሳ አዘዘ። ሞተሩ ብቻውን ከ4,000 ዶላር በላይ ስለሚጨምር የመኪናዋ ዋጋ ከ7,000 ዶላር አለፈ፤ ፈላጊ ታጣ፤ ብዙዎቹ ወደ ሌሎች ሻጮች ተበተኑ። በድምሩ የተሠሩት 69 ናቸው። ከኋላዋ ትልቅ ክንፍ የቆመላት የ1970 ፕሊመዝ ሱፐርበርድም ዕጣዋ ተመሳሳይ ነው። ለናስካር ውድድር ተብላ የተፈጠረች ናት፤ አንዳንድ ሻጮች ክንፏን ነቅለው፣ አፍንጫዋን ቀይረው እንደ ተራ መኪና ሸጠዋታል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንጠጋ።

በሼቭሮሌ ቪ8 ሞተር ከፊት፣ በመኪናዋ ቀኝ በኩል፣ ቴስታታው ከሞኖብሎኩ ጋር በሚጋጠምበት ጫፍ ላይ ጣት የምታህል ልሙጥ ቦታ ወጣ ብላ ትታያለች። ጽሑፉ እዚያ ላይ በመዶሻ ተመትቷል። «ቲ0215» ብሎ ከጀመረ፣ «ቲ» ኒውዮርክ ግዛት ያለውን የቶናዋንዳ ሞተር ፋብሪካ፣ 0215 ደግሞ ሞተሩ የተገጣጠመበትን ፌብሩዋሪ 15 ያመለክታል። ተከታዮቹ ፊደላት የሞተሩን ዓይነት ይናገራሉ። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የመጨረሻ አኃዞችም በሞተሩና በካምቢዮው ላይ ይመታሉ። ከዚህ ሌላ ሞኖብሎኩ በቀለጠ ብረት የፈሰሰበት ቀን በራሱ በብረቱ ላይ ጎልቶ ይነበባል፤ «ኤ» ጃንዋሪ ነው፣ «ቢ» ፌብሩዋሪ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሦስቱ ቀናት ቅደም ተከተል አላቸው፦ ብረቱ ይፈስሳል፣ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ ከዚያ መኪናዋ ትወጣለች። ሞተሩ ከመኪናዋ በኋላ ተወልዶ ከተገኘ ክርክሩ እዚያው አበቃ።

ገንዘብ ባለበት ሸፍጥ አይጠፋም። የድሮውን ቁጥር ፍቆ የሚፈልገውን የሚመታ ሰው አለ። መርማሪው ታዲያ ከቁጥሩ ይልቅ የቁጥሩን መደብ ነው የሚያየው። ፋብሪካው ሞኖብሎኩን ሲልግ በልሙጧ ቦታ ላይ ጥፍር የማይዛቸው ቀጭን ትይዩ መስመሮች ይቀራሉ። ቁጥሮቹ ከእነዚያ መስመሮች በላይ ተመትተው ከታዩ ጥሩ ነው፤ ቦታው እንደ መስታወት ከለሰለሰ ወይም የአሸዋ ወረቀት ጭረት ካለበት ጥርጣሬ ይገባል። የሚያሳዝነው ግን ንጹሑም ሰው እዚህ ወጥመድ ውስጥ መውደቁ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሞተሩን በሐቀኝነት ያሳደሰ ባለቤት ሞኖብሎኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ፊቱ ሲላጥ ቁጥሩም አብሮ ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ የራሷ ነው፤ የሚመሰክርላት ግን የለም።

ስለዚህ ወረቀት ይፈለጋል። የሻንሲ ቁጥሩ ራሱ በአንዳንዱ ፋብሪካ ብዙ ይናገራል፣ በሌላው ዝም ይላል። በ1970 እና በ1971 ፕሊመዝ ላይ አምስተኛው ምልክት «አር» ከሆነ መኪናዋ ሄሚ ይዛ ነው የወጣችው፤ «ቢ ኤስ 27 አር» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ያላት ኩዳ ተጣጣፊ ጣሪያና ሄሚ ሞተር የያዘች ናት። አንዲት ፊደል የሚሊዮን ዶላር ወሬ ታወራለች። የ1970 ሼቬል ቁጥር ግን ኤልኤስ6 ይሁን ተራ ቪ8 አይለይም፤ ሐሰተኛ ኤስኤስ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። የፖንቲያክ መዝገቦች ተጠብቀው ስለቆዩ ባለቤቱ ከፍሎ ቅጂውን ማውጣት ይችላል፤ ከ1967 ወዲህ ላሉት ፎርዶችም ማርቲ የተባለው ድርጅት ከፋብሪካው መረጃ ሪፖርት ያወጣል። እንደ ፕሊመዝ ያሉ የክራይስለር መኪኖች ሲገጣጠሙ ሠራተኞቹ የሚከተሉት የትዕዛዝ ወረቀት ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ከኋላ ወንበር ሽቦዎች መካከል ተወሽቆ ይቀራል። ዛሬ የአሮጌ ወንበር ልብስ ሲገፈፍ ያ አይጥ የበላው፣ ዝገት የነካው ወረቀት ከተገኘ ባለቤቱ ከወርቅ አሳንሶ አያየውም።

ለሁሉም መኪና ግን ሚዛኑ አንድ አይደለም። «ቡሊት» በተባለው የ1968 ፊልም ስቲቭ ማክኩዊን የነዳት አረንጓዴ ፎርድ መስታንግ በጃንዋሪ 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ስትሸጥ ቀለሟ የደበዘዘ፣ አካሏ የዛገ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ በ1974 በ6,000 ዶላር ገዝቶ ለዓመታት ሲገለገልባት ቆይቷል። ማክኩዊን ራሱ በ1977 መልሶ ሊገዛት ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ አልተሳካለትም። እዚያ ላይ የሚከፈለው ለታሪኳ ነው፤ ታሪኩን ከብረቱ ጋር ያሰረው ግን ያው የሻንሲ ቁጥሯ ነው።

የሰብሳቢዎቹ ትውልድም እየተቀየረ ነው። በ1970 አሥራ ስምንት ዓመት የነበረ ልጅ ዛሬ ሰባ አልፎታል። የኋለኞቹ ገዢዎች ዓይን በልጅነታቸው ግድግዳ ላይ ወደሰቀሏቸው መኪኖች፣ ለምሳሌ 547 ብቻ ወደተሠራችው የ1987 ቢዩክ ጂኤንኤክስ ዞሯል። የድሮዋን አካል በዘመናዊ ሞተርና ፍሬን ሞልቶ በየቀኑ መንዳት የሚመርጠውም በዝቷል፤ መኪና ለመንዳት ከተሠራ ይህ ምርጫ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው የተቀየረችውን ያልተቀየረች አስመስሎ መሸጥ ብቻ ነው።

«ቁጥረ ስሙም» የሚለው ቃል በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም። ለአንዱ ሻጭ ሞተሩ ብቻ ማለት ነው፤ ለሌላው ካምቢዮውን፣ የኋላ ዲፍረንሻሉን፣ አልፎም ካርቡራተሩንና አልተርኔተሩን ይጨምራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቀኑ የተቀራረበ ሌላ ሞተር ገጥሞ በዚሁ ስም ይጠራዋል። ማስታወቂያ ላይ ይህን ቃል ያየ ገዢ «የትኞቹ ቁጥሮች?» ብሎ ይጠይቅ፤ ገንዘቡን ሳይከፍልም የልሙጧን ቦታ ጥርት ያለ ፎቶ ያስልክ።