ፍላይዊል የቀለለው ሥራውን የሚረከብ ሲገኝ ነው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። "ቲቸር፣ የመኪናዬን ፍላይዊል ቶርኖ ቤት ወስጄ 4 ኪሎ ላስላጨው ነው፣ መኪናዋ ትበራለች ይሉኛል፤ ምን ይመክሩኛል?" "ቆይ እስቲ፣ ሳትነካው ጠብቀኝ" አልኩት። መልሱ ስለረዘመ ለሁላችሁም እዚሁ ጻፍኩት። ነገሩን ለመረዳት ከታሪኩ መጀመር ይሻላል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ጀርመን ውስጥ ባለአራት ምት ሞተሩን ሲሠራ አንድ ችግር ነበረበት። ከአራቱ ምት ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው። ስቦ የሚያስገባውን፣ የሚያምቀውንና ጭሱን የሚያስወጣውን ሦስቱን ምት ማን ይግፋቸው? የገፋቸው ፍላይዊሉ ነው። ጉልበት ሲመጣ ያጠራቅማል፣ ሲጠፋ ያበድራል። ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ያለዚያ ከባድ ብረት አንድ ዙር እንኳ አይጨርስም።

ካርል ቤንዝ በ1885 የሠራት ባለሦስት ጎማ መኪናም እንደዚያው ነበረች። አንድ ሲሊንደር፣ ከአንድ የፈረስ ጉልበት በታች፣ ከኋላ ደግሞ ተጋድሞ የሚሽከረከር ትልቅ ፍላይዊል። ያኔ ሞተሪኖ የለም፤ ሞተሩን ለማስነሳት ፍላይዊሉን በእጅ ማሽከርከር ነው። በ1888 ባለቤቱ በርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳችው በዚህ ነው።

በ1908 የፎርድ ሞዴል ቲ በአራት ሲሊንደር መጣ። አሁን በየግማሽ ዙሩ አንድ ግፊት አለ፤ የፍላይዊሉ ሸክም ቀለለ። ፎርድ ግን ሌላ ሥራ ጨመረለት፦ 16 ማግኔት አሰረበትና የእሳቱን ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ አደረገው። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ውስጥ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር መጀመሪያ የተሞከረውም በዚሁ የፍላይዊል ማግኔቶ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻውን በ20 ደቂቃ የሚገጥመው ወደ 13 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ 8 እና 12 ሲሆን ግፊቱ እየተቀራረበ መጣ፤ የውድድር መኪኖች ፍላይዊልም እያነሰ ሄደ። ግን በነፃ አይደለም። የፎርሙላ ዋን ሞተር ሚኒሞው ከተራ መኪና በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ካበላሹት ቀጥ ይላል።

በ1985 ደግሞ ጀርመኖች ለተራ መኪና በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። ፍላይዊሉን ለሁለት ከፍለው መሃሉ ላይ ስፕሪንግ አስገቡ፤ የሞተሩ ንዝረት ካምቢዮው ጋ እንዳይደርስ። እንዲህ ዓይነቱን አውጥቶ ቀላል አንድ ወጥ የሚገጥም ሰው ካምቢዮው ሲንኳኳ መስማቱ አይቀርም።

አሁን ወደ 4ቱ ኪሎ። በመጀመሪያ ማርሽ ሞተሩ ጎማው አንዴ ሲዞር 14.8 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ የጎማው ሬዲየስ 30 ሴንቲ ሜትር። 4ቱ ኪሎ ከፍላይዊሉ ጠርዝ፣ ከመሃል 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተነሳ፣ መኪናዋ ስትፈጥን 160 ኪሎ ያህል እንደተራገፈላት ትሆናለች። በመጨረሻው ማርሽ፣ ቁጥሩ 3.3 ሲሆን፣ ጥቅሙ ወደ 8 ኪሎ ይወርዳል። ያው 4 ኪሎ ወደ መሃል ገብቶ በግማሹ ርቀት ላይ ቢላጭ ደግሞ ጥቅሙ ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትገዙ "ስንት ኪሎ ነው?" ብቻ አትበሉ፤ "ክብደቱ የቀነሰው ከየት ነው?" በሉ። የፈረስ ጉልበት እንደማይጨምርም እወቁ፤ በእኩል ፍጥነት ስትነዱ ልዩነት የለውም።

አደጋው እዚህ ነው። በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ የዚያ ፍላይዊል ጠርዝ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ብረቱን የሚገነጥለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ፋብሪካው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ሲጨመቅ ጠንካራ፣ ሲሳብ ግን ደካማ። ሲሰነጠቅ ሳያስጠነቅቅ ይበተናል፤ ስብርባሪው የፍሪሲዮኑን ቤት በስቶ የሚያርፈው ደግሞ እግራችሁ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ የድራግ ውድድር መኪኖች በፍሪሲዮኑ ዙሪያ የብረት ጋሻ የሚያስሩት ለዚህ ነው።

እና ልጄ፣ ምክሬ ይኸው። ያንን ፍላይዊል ቶርኖ ላይ አታስቀምጠው። የግድ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ ከጠንካራ ስቲል የተሠራና ለውድድር ደኅንነት የተፈተነ ግዛ። አልሙኒየም ይበልጥ ይቀላል፤ ሸራው የሚያርፍበት ፊት ግን ስቲል ይሁን። ለውድድር ሜዳ ይሁንልህ። ጠዋት ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ በትራፊክ መሃል እየቆምክ የምትነሳ ከሆነ ግን ያ የናቅከው ክብደት ነው እንዳትጠፋ የሚይዝህ።

ከኦቶ ጀምሮ ያየነው አንድ ነገር ነው። ፍላይዊል የቀለለው ሌላ ነገር ሥራውን ሲረከበው ነው። አንተም ከመቀነስህ በፊት ሥራውን ማን እንደሚረከብ ንገረኝ።