ኤ ሃርድ ዴይ (ፊልም)

ኤ ሃርድ ዴይ («አስቸጋሪ ቀን») እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የደቡብ ኮሪያ የወንጀል ፊልም ነው። የኮሪያኛ ርዕሱ ትርጉም «እስከ መጨረሻው ይሄዳል» ማለት ነው። የፊልሙ ደራሲና ዳይሬክተር ኪም ሰንግ-ሁን ሲሆን ዋና ተዋንያኑ ሊ ሰን-ክዩንና ቾ ጂን-ዉንግ ናቸው። ርዝመቱ 111 ደቂቃ ነው።

ታሪኩ

መርማሪ ፖሊስ ጎ ጎን-ሱ በእናቱ ለቅሶ ላይ እያለ፣ የውስጥ ቁጥጥር ሠራተኞች ቢሮውን ሊፈትሹ መምጣታቸውን ይሰማል። በመሳቢያው ውስጥ የጉቦ ገንዘብ አለ። በሌሊት እየበረረ ሲነዳ አንድ ሰው ይገጫል። አደጋውን ከማመልከት ይልቅ ሬሳውን መኪናው ውስጥ ጭኖ ይሄዳል። የትራፊክ ፖሊሶችን ፍተሻ እንደ ምንም ካለፈ በኋላ ሬሳውን በእናቱ የሬሳ ሳጥን ውስጥ ደብቆ አብሮ ያስቀብረዋል።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ሟቹ በፖሊስ የሚፈለግ ወንጀለኛ ሆኖ ይገኛል፤ ፍለጋውም ለጎ ቡድን ይሰጣል። ስለዚህ መርማሪው የሚመረምረው የራሱን ጥፋት ነው። ብዙም ሳይቆይ አደጋውን አይቻለሁ የሚል ሰው ስልክ ደውሎ ሬሳውን እንዲያስረክበው ያስገድደዋል። ይህ ሰው ፓርክ ቻንግ-ሚን የተባለ ሌላ ሙሰኛ ፖሊስ ነው።

ጎ መቃብሩን ቆፍሮ ሬሳውን ሲያወጣ ግን የጥይት ቁስል ያገኝበታል። ሰውየው መኪናው ከመግጨቱ በፊት በጥይት ተመትቶ ነበር። ጎ በዚያች ሌሊት ቆሞ ቢያመለክት ኖሮ ይህ በምርመራ ሊታወቅ ይችል ነበር። እንዳያመለክት ያደረገው የራሱ ሙስና ነው፤ ጉቦው ባይኖር የሚደብቀው ነገር አይኖረውም ነበር። በፊልሙ ውስጥ እያንዳንዱ መሸፋፈኛ ሌላ መሸፋፈኛ ይጠይቃል፤ ዋጋውንም ጎ ብቻ ሳይሆን የሥራ ባልደረባው በሕይወቱ ይከፍላል።

አቀራረቡ

ፊልሙ ውጥረትን ከቀልድ ጋር ያዋህዳል። ለዚህ የሚጠቀሰው ጎ ሬሳውን በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ለመጎተት እየዳኸ በሚሄድ የአሻንጉሊት ወታደር የሚጠቀምበት ትዕይንት ነው። ተመልካቹ ጥፋተኛውን እያወቀ «እንዳይያዝ» ብሎ ሲጨነቅ ራሱን ያገኘዋል።

አቀባበልና ተከታይ ሥራዎች

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በካን ፊልም ፌስቲቫል «የዳይሬክተሮች ሁለት ሳምንት» ክፍል ታይቷል። በደቡብ ኮሪያ ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሽጦለታል። ታሪኩ በቻይና (2017)፣ በፊሊፒንስ (2021)፣ በፈረንሳይ (2022) እና በጃፓን (2023) እንደገና ተሠርቷል።

ዳይሬክተሩ በኋላ «ተነል» (2016) የተባለውን ፊልም ሠርቷል። ሊ ሰን-ክዩን የኦስካር ተሸላሚ በሆነው «ፓራሳይት» (2019) ላይ የሀብታሙን ቤተሰብ አባወራ ሆኖ ተጫውቷል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።